የማይዞረው ሸራ

«እህም! መምህርት፣ እኔ እኮ ክፉ ሰው አይደለሁም። ማንንም ጠይቂ፣ ክፉ ሰው አይደለሁም። እህም! ግን ይሄ ነገር ነገ ጠዋት እዚህ ቆሞ ባገኘው፣ እህም፣ እኔና አንቺ እንጣላለን።»

«አሁንስ ምን እያደረግን ነው?» አለች እቴቴ።

«አሁንማ እየተመካከርን ነው! እህም!»

ይሄ ጉሮሮውን የሚጠርገው የሥዕል ትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው። ዘመኑን ሙሉ ይጠርጋል፣ እስካሁን ግን አንድም የጠራ ነገር ሲወጣው አልሰማሁም። እሱን ሳስመስል ተማሪዎቹ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። አንድ ቀን በር ጀርባ ቆሜ «እህም!» ስል፣ ተደብቆ ሲጋራ ያጨስ የነበረ ልጅ ሲጋራውን ከነእሳቱ ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ ሱሪው ተቃጠለ። ያን ቀን ግን ማስመሰሉም መሳቁም አልመጣልኝም፣ የማየው የእቴቴን እጅ ነበር። ከጋውኗ ላይ አንዷን ቁልፍ ይዛ ታሽከረክራለች። እቴቴ ስትፈራ ቁልፍ ታሽከረክራለች። እሷ ጋውን ላይ በደንብ የተሰፋ ቁልፍ አታገኙም፣ ሁሉም በክር ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው።

እቴቴ የባሌ ታላቅ እህት ናት። አንድ ቤት ነው የምንኖረው። እሷ ኮሌጁ ውስጥ ሥዕል ታስተምራለች፣ እኔንም እዚያው አስቀጥራኛለች። ሥራዬ መቀመጥ ነው። አትሳቁ፣ ሞዴል ይሉታል። ወንበር ላይ ትቀመጫለሽ፣ አትነቃነቂም፣ አታወሪም፣ ተማሪዎቹ ይስሉሻል። እኔን! ተኝቼ እንኳ ምላሴ የማያርፈውን! ባሌ ሲሰማ «አንቺን ዝም ያሰኘ መሥሪያ ቤት ካለማ እኔም ሄጄ ላመስግን» አለ። ታዲያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ፊት ሰው ሁሉንም ያወራል። እንደ ወንበሩ ነው የሚቆጥሩሽ። የዚያ ክፍል ወሬ በኔ ጆሮ ሳያልፍ የሄደ የለም። ለዚህ ነው ተማሪዎቹ ለምረቃ መጽሔታቸው ስለ መምህርታችን የሚጽፍ ሰው ሲፈልጉ ወደ እኔ የጠቆሙት። «ምላሷን ወረቀት ላይ ታውጣው» አሉ። ትምህርቴን ከመሃል ነው ያቋረጥኩት፣ ፊደል ከሳትኩ እናንተ አስተካክሉት።

ጠቡ በአንድ ሸራ ነው። ሸራውን ከማሳየቴ በፊት ግን ጋሽ ግድግዳን ላሳያችሁ።

ጋሽ ግድግዳ ከጀርባው የሚጠራበት ስም ነው። ፊት ለፊትማ «ጋሼ» ነው፣ ያውም አንገት ተደፍቶ። ትልቅ ሠዓሊ ነው፣ ይሄ ቀልዴ አይደለም። ሥዕሉ በየአዳራሹ፣ በየባንኩ፣ በየሆስፒታሉ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። ክፍሉን ያቋቋመው እሱ ነው፣ ኃላፊውም እቴቴም የሱ ተማሪ ነበሩ። ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፣ ግን ዓመቱ ሲያልቅ ተመራቂዎቹ ሥራቸውን ትልቁ ስቱዲዮ ውስጥ ይደረድራሉ፣ እሱ ይመጣና ይፈርዳል። አይጮህም። አይሳደብም። ድምፁ ጥጥ ነው። በሥዕሎቹ ፊት ቀስ እያለ ያልፋል፣ የወደደው ጋ ትንሽ ይቆማል። ያልወደደውን ደሞ ጠርዙን በሁለት ጣቱ ይዞ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረዋል። በቃ። የዞረ ሥዕል ወደቀ ማለት ነው፣ ባለቤቱ ዓመቱን ይደግማል። ሁለተኛ ከዞረበት ደሞ ከኮሌጁ ይሰናበታል።

የዞረውን ሥዕል ማንም መልሶ አይገለብጠውም፣ ባለቤቱም ቢሆን። እንደዞረ ኮሪደሩ ውስጥ ይቆማል፣ ወይም ባለቤቱ እንደዞረ ተሸክሞት ወደ ቤቱ ይሄዳል። የትም የተጻፈ ነገር የለም፣ ግን አንድም ሰው ሲጥሰው አላየሁም። እኔ እንኳ፣ ሰው ጓዳ ገብቼ ድስት የምከፍተው ሴትዮ፣ አንድ ቀን ኮሪደሩ ባዶ ሆኖ አንዱን ገልበጥ አድርጌ ልየው ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። እጄ መንገድ ላይ ቀዘቀዘ። መለስኩት።

ታዲያ ምን ሆነ? ሁሉም እንደሱ ይስላል። የሱ ሰዎች ዓይናቸው የጉጉት ነው፣ ዙሪያቸው በወፍራም ሰማያዊ መስመር ተከቧል፣ እጃቸው ረጅም ነው፣ ደሞ ሁልጊዜ የሆነ ነገር ተሸክመዋል። ስንት ልጅ ስሎኛል እኔን! ዓይኔ ትንሽ ናት፣ ባሌ «ስትስቂ ትጠፋለች» ይላል። ሸራው ላይ ግን ጉጉት ነኝ። ባዶ እጄን ተቀምጬ ሳለ ከረጢት ያሸክሙኛል፣ እንጨት ያሸክሙኛል። አንዱ ልጅማ በር አሸከመኝ። «ምነው ልጄ፣ ምን በደልኩህ?» ስለው፣ «እትዬ፣ ባዶ እጅሽን ከሳልኩሽ ይዞርብኛል» አለኝ። ምን ልበለው? ተሸከምኩለት።

እቴቴም የምታስተምረው ይሄንኑ ነው። ከኋላቸው ትቆምና በዝቅታ «ዓይኑን አስፊው፣ መስመሩን አወፍሪው» ትላለች። አንዱ የራሱን ነገር ሲሞክር ካየችው ጎንበስ ብላ «አሁን ተወው፣ ስትመረቅ ትስለዋለህ» ትለዋለች። ከክፋት አይደለም፣ ልጅ ሲወድቅባት ማየት አትችልም። ግን ተመርቆ የሳለው ማነው? እኔ እስካሁን አላገኘሁትም።

እሷ ራሷ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ይሄን ባሌ ነው የነገረኝ። አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። እቴቴ ትንሽ ልጅ ሆና የልብስ ሰፊውን ጠመኔ ትሰርቅና ልብስ ሊለኩ የመጡትን ሰዎች እዚያው ለመቆረጥ በተዘረጋው ጨርቅ ላይ ትስላቸዋለች። አባቷ ጨርቁን ያራግፋሉ፣ እሷ ትስላለች፣ ያራግፋሉ፣ ትስላለች። አንድ ቀን የአንድ ባለሥልጣን ኮት ጀርባ ላይ ባለሥልጣኑን ራሱን፣ ሆዱን አስፍታ ስላው ሳይራገፍ ተሰፋ። ሰውዬው ለብሶት ሄደ። ባሌ ይሄን ሲያወራ እስካሁን በሳቅ እንባው ይፈሳል። «ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም ነበር» ይላል።

ኮሌጅ ገባች። ለመመረቂያዋ አባቷን ሳለች፣ የስፌት መኪናው ላይ ጉንጫቸውን አስደግፈው ሲያንቀላፉ። ያኔ ጋሽ ግድግዳ ገና ጎልማሳ ነው፣ ዓይኑም ብርቱ ነው። መጣ፣ አየ፣ በዚያ የጥጥ ድምፁ «ልጄ፣ ይሄ ሥዕል አይደለም፣ እንቅልፍ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። አዞረው።

ሥዕሉን እንደዞረ ተሸክማ መጣች። አባቷ «እስቲ አሳዪኝ፣ ምን አስመሰልሽኝ?» ሲሏት «ኋላ» አለቻቸው። በሚቀጥለው ቀንም «ኋላ»። በዚያው ክረምት ሞቱ። ፎቶግራፍ የሚባል ነገር አይወዱም ነበርና መልካቸው ያለው እዚያ ሸራ ላይ ብቻ ነው። ሸራው ያለው ደሞ እቴቴ ክፍል፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አድርጎ። ዓመቱን ደገመች፣ ጉጉት ሳለች፣ አለፈች፣ አስተማሪ ሆነች። ከዚያ ወዲህ የራሷን ነገር ስትስል ያየ የለም።

እሺ፣ አሁን ወደ ጠቡ።

ቁራጭ የምትባል ተማሪ አለች። አጭር ናት፣ ጆሮዋ ላይ ደሞ ሁልጊዜ ያለቀች የእርሳስ ቁራጭ ሰክታለች፣ ስሙ ከሁለቱ በየትኛው እንደወጣላት አላውቅም። አምና ዞሮባታል። ዘንድሮ ከዞረባት አለቀላት። አጎቷ ቤት ነው የምትኖረው፣ አጎቷም «ዘንድሮ ካልሆነ ወደ ብረታ ብረት ሱቄ ነው የምትገቢው፣ ነገርኩሽ» ብሏታል። ይቺ ልጅ መንፈቁን ሙሉ ኮሪደሩ መሬት ላይ ቁጭ ብላ የዞሩትን ሸራዎች ስታይ ከረመች። ሰው ይስቅባታል። እኔም ስቄባታለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ስቱዲዮ ስገባ የሷ ሸራ ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ቆሟል፣ ዞሯል። «ውይ ልጄን!» አልኩ፣ «ሰውዬው ሳይመጣ አዞሩባት!» የፍሬሙ እንጨት ይታያል፣ ጥግ ጥጉ ላይ የታጠፈው ጨርቅ ይታያል፣ የዛጉት ሚስማሮች፣ የውሃ እድፍ። ከጠርዙ ላይ አንዲት ክር ተንጠልጥላለች። ክር ካየሁ አላልፍም፣ ልነጭላት እጄን ሰደድኩ። ክሯ አልያዝ አለችኝ። ብቧጭር አልያዝ አለችኝ። ቀለም ናት። ሚስማሩም ቀለም ነው። እንጨቱም። ልጅቷ የሸራውን ጀርባ ራሱ ሸራው ፊት ላይ ስላዋለች! ገልበጥ ባደርገው እውነተኛው ጀርባ ያው ነው፣ እድፉ እንኳ ቦታውን አልሳተም። ጸጉሬ ቆመ።

እቴቴ ስታየው ፊቷ አመድ መሰለ። «ለምን?» አለቻት።

«መምህርት፣ መጀመሪያ ቀን ያያችሁትን ሳሉ ብለሽን የለ?» አለች ቁራጭ። «እኔ እዚህ ቤት በየቀኑ የማየው ጀርባ ነው።»

«ልጄ፣ ጉጉት ሳዪላቸው። በናትሽ። አንድ ጉጉት ሳዪላቸውና ሂጂ።»

«አምና ስያለሁ፣ ዞረብኝ።»

«ዓይኑን አጥብበሽዋል አምና!»

«መምህርት፣ ሌላ ከሳልኩ የሚዞረው ሥዕሉ አይደለም፣ እኔ ነኝ» አለችና ጠርሙሷን ይዛ ቡሩሽ ልታጥብ ወጣች። እቴቴ ቁልፏን ያዘች።

ኃላፊው የደረሰው ይሄኔ ነው። ያንን ሁሉ «እህም» ካወረደ በኋላ ነገሩን አስረዳ፣ በዚህ በኩል ሞኝ አይደለም። «ስሚ መምህርት። ጋሼ የዞረ ሥዕል ከመሰላቸው፣ እህም፣ ‹ከኔ በፊት ማን ፈረደ?› ይላሉ። ሥዕል መሆኑን ከነቁ ደሞ፣ እህም፣ ‹ቀለዱብኝ› ይላሉ። በየት በኩል ልንወጣ ነው? ያንቺ ኮንትራት የሚታደሰው በዚህ ወር ነው። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም።» ወደ በሩ ሄደና ተመለሰ። «ጠዋት እንዳላየው!»

ያን ማታ እቴቴ እራት አልበላችም። ሳህኑን ፊቷ አስቀምጣ ታየዋለች። ባሌ «በይ ጉረሺ» ሲላት ደንግጣ ማንኪያውን ጣለችው፣ ሳህኑ ላይ ሲጋጭ እኛም ደነገጥን። ፍርሃት እንዲህ ይጋባል አላልኩም ነበር። የውጭ በር ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም ዞረን አየን። ነፋስ ነው።

«መጋዘን ውስጥ እደብቀዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «የለም ይባላል። ሥራዋን አላቀረበችም ይባላል።»

«ያላቀረበ ያው ይወድቅ የለ?» አልኳት።

«ይወድቃል። ግን በሱ እጅ አይደለም።» አየችኝ። «አንቺ አታውቂውም። ያ ጣት ጠርዙን ሲይዝ አንቺን ነው የሚይዝሽ። እስካሁን እዚህ ጋ ይሰማኛል» አለችና ትከሻዋን ነካች።

ጠዋት አብረን ቀድመን ሄድን። ስቱዲዮው ባዶ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ የቀለም ማቅጠኛው ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ጉጉቶቹ ሁሉ ከመቆሚያቸው ላይ አፍጥጠው ያዩናል። እኔ ነኝ እኮ ሁሉም፣ ግን ራሴን ፈራሁት። እቴቴ ወደ ቁራጭ ሸራ ሄደች፣ ጎንበስ አለች፣ ጠርዙን በሁለት ጣቷ ያዘች።

በሁለት ጣቷ! እኔም አየሁት፣ እሷም አየችው። ጣቶቿን አየቻቸው። እንደ ጋለ ብረት ለቀቀችው።

«አልችልም» አለች።

«እኔ ልውሰደው?»

«አትንኪው!»

ከውጭ የመኪና በር ተዘጋ። ሰውዬው ቀድሞ መጣ።

ከዚያ ሁሉም ነገር ሮጠ። ተማሪዎቹ ተግተልትለው ገብተው በየሥራቸው አጠገብ ቆሙ። እኔ ወንበሬ ላይ ወጣሁ፣ ጋሽ ግድግዳ ሥዕሉን ከሞዴሏ ጋር ማስተያየት ስለሚወድ በዚያን ቀንም እቀመጣለሁ። የጉጉቷን ዓይን ያያል፣ የኔን ያያል፣ እኔ የተሳሳትኩ ይመስል ራሱን ይነቀንቃል። ኃላፊው የቁራጭን ሸራ እዚያው ቆሞ ሲያየው «እህም» እንኳ ጠፋው። ለመጀመሪያ ጊዜ ጉሮሮው ጠራ፣ ድምፅ ግን አልነበረውም።

ጋሽ ግድግዳ ገባ። አርጅቷል። መነጽሩ የብርጭቆ ቂጥ ነው፣ በትሩን ተደግፎ ይሄዳል። ግን ሁለቱ ጣቶች እንዳሉ ናቸው። ሲያልፍ የተማሪዎቹ ትንፋሽ ይቆማል፣ ካለፈ በኋላ ይወጣል፣ ከወንበሬ ላይ ሆኜ እሰማዋለሁ። አንዱን አለፈ። ሌላውን አለፈ። ጥግ ላይ የነበረውን ረጅም ልጅ ሥራ ያዘና አዞረው። ልጁ አልጮኸም፣ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ እንጂ። እቴቴ ቁልፏን ስታሽከረክር ክሩ ተበጠሰ፣ ቁልፉ ወለሉ ላይ ተንከባለለ፣ በዚያ ዝምታ ውስጥ የጋሪ ያህል ጮኸ።

ቁራጭ ጋ ደረሰ። ቆመ።

«ይሄን ማን አዞረው?» አለ በጥጥ ድምፁ።

ተማሪዎቹ ጫማ ጫማቸውን አዩ።

«ከኔ በፊት ያየው አለ ማለት ነው።» ፈገግ ያለ መሰለኝ። «እንግዲህ አዟሪው ምክንያት ይኖረዋል። ወድቋል በሉት።» ማለፍ ጀመረ።

ቁራጭ ከንፈሯን ነክሳለች፣ ነጭ ሆኗል። አትናገርም፣ እዚህ ቤት ተማሪ ለሱ ተናግሮ አያውቅም። ኃላፊውን ባያችሁት! ፊቱ ላይ ብርሃን ወጣ፣ አላወቀም፣ ተረፍን! እኔም ልቤ ውስጥ «እፎይ» አልኩ፣ አልዋሽም። እቴቴ ዝም ካለች ኮንትራቷ ታደሰ፣ ሰውዬው አልተቆጣ፣ ሁሉም ሰላም። የምትወድቀው አንዲት አጭር ልጅ ብቻ ናት። እቴቴን አየኋት። ቁልፉ የነበረበትን ክር በጣቷ ትፈልጋለች። በቃ፣ ዝም ልትል ነው አልኩ።

«ጋሼ» አለች።

ድምፁ የሷ አይመስልም። ከጉድጓድ የወጣ ነው። ሰውዬው ዞረ።

«አልዞረም። ያዩት… ያዩት ፊቱን ነው።»

ስቱዲዮው ደረቀ። ትልቁን ሠዓሊ፣ ባንኩን ሁሉ በዓይን የሞላውን ሰውዬ፣ በሰው ፊት «ዓይንህ ተሸወደ» አለችው እኮ! ሰውዬው ተመለሰ። በትሩን ለኃላፊው አቀበለና ጎንበስ አለ፣ አውራ ጣቱን የተሳለው ሚስማር ላይ አሳረፈ። ሚስማሩ አይቆረቁርም። ጣቱን ወደ እንጨቱ ጎተተው፣ እንጨት የለም። እድፉን ዳበሰ፣ ክሯ ጋ ደረሰ፣ እንደኔው ሊነጭ ሞከረ፣ አልተያዘችም። እዚያ ላይ ረጅም ቆየ። ጀርባው ብቻ ነው የሚታየን። ከዚያ ጀርባ ምን እንደሚመጣ ማንም አያውቅም።

ቀና አለ። ጆሮው ቀልቷል። ጠርዙን በሁለት ጣቱ ያዘና አዞረው።

ሸራው ዞረ። ያው ነው! እንጨት፣ ሚስማር፣ እድፍ፣ ክር። የተፈረደበትም ያልተፈረደበትም አንድ ነው። ሰውዬው አየው። ኃላፊው አየው። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አስግገው አዩት። ሰውዬው ግራ ገብቶት እንደገና ያዘና አዞረው። ያው ነው። ይሄኔ፣ አፈር ስሆን፣ ያ ሁሉ ዝም ብዬ የተቀመጥኩበት ዘመን ባንዴ በአፌ ወጣ። ሳቅኩ! አፌን በእጄ ብይዘው በአፍንጫዬ ወጣ። ሞዴል ስትስቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወንበሩም ሳቀ ነው የሚመስለው። እዚያ ቤት ድሮም በእቴቴ ላይ ተስቆ ነበር፣ በሱ ላይ ግን ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ሌላ ማንም አልተከተለኝም፣ ብቻዬን ቀረሁ። ሳቄ ቀዘቀዘ፣ ወንበሬን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ሰውዬው ግን እኔን አላየኝም። እቴቴን ነው የሚያየው።

«አንቺ ልጄ፣ እኔ አስተምሬሻለሁ?»

«አስተምረውኛል።»

«አዙሬብሽ ነበር?»

«አዙረውብኛል። አባቴን። ተኝቶ።»

ያሰበ መሰለ። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። «አላስታውስም» አለ። በክፋት አይደለም፣ ያ ነው የባሰው። «ብዙ አዙሬያለሁ። አላስታውስም።»

የእቴቴን ፊት አየሁት፣ እንዲህ ያለ ፊት ማንም ስሎኝ አያውቅም፣ እኔም በቃል ልስለው አልችልም። ዕድሜዋን ሙሉ ትከሻዋ ላይ የተቀመጠውን እጅ ባለቤቱ አያስታውሰውም።

«ይሄ አሁን ፊቱ የትኛው ነው?» አለ ሰውዬው ሸራውን እያየ። ዓይኑ ከአሁን በኋላ እንደማይለየው ያን ጊዜ ገባኝ፣ እሱም ፈርቷል።

«ያዞሩት እርስዎ ነዎት ጋሼ» አለች እቴቴ ቀስ ብላ።

በትሩን ተቀበለ። «እንግዲያው ማርኩን አንቺ ስጫት» አለና ሄደ። የቀሩትን ሥዕሎች አላያቸውም። ኃላፊው ከኋላው ሮጠ፣ ኮሪደሩ ላይ «እህም» ተመለሰለት፣ እስከ መኪናው ድረስ ሰማነው።

ከዚያ ወዲህ ቀላል ሆነ እንዳትሉ። የቁራጭን ማርክ ልትሞላ ስትቀመጥ እቴቴ እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ ጣለችው። «አልፋለች» ብላ ስትጽፍ ፊደሉ የልጅ ነው የሚመስለው። ቁራጭ ስትሰማ ኮሪደሩ መሬት ላይ፣ እዚያው ድሮ የምትቀመጥበት ቁጭ አለች፣ እና አለቀሰች። አጎቷ ብረቱን በሌላ ሰው ያሽጥ። ረጅሙ ልጅ ግን እንደዞረበት ቀርቷል። እቴቴ የሱን ሸራ ባየች ቁጥር ትቆማለች፣ ልታወራበት ኃላፊው ቢሮ በር ድረስ ሄዳ ተመልሳለች። ነገ እንደገና እሄዳለሁ ብላለች። ኮንትራቷ እስካሁን አልታደሰም። «በመታየት ላይ ነው፣ እህም» ተብሏል። እኔም ለጊዜው አትምጪ ተብያለሁ፣ ሞዴል አይስቅም አሉ። ስልክ ሲጮህ እቴቴ አሁንም ትደነግጣለች። ከቁልፎቿ መሃል የተረፈችዋን ዛሬ ጠዋት ራሴ በወፍራም ክር ሰፋሁላት፣ ወዲያው ይዛ ማሽከርከር ጀመረች።

ይሄን የምጽፈው ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ነው። አሁን እቴቴ ክፍል የሚንሿሿ ነገር ሰምቼ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። ቁምሳጥኑን እየጎተተች ነው። ብቻዋን። «ልርዳሽ?» ብላት «ተቀመጪ» አለችኝ። አሁን ሸራውን አውጥታ መጣች፣ አቧራና ሸረሪት ድር ለብሷል፣ ጀርባውን ወደ እኔ አድርጋ ይዛዋለች። ባሌም ከበሩ ላይ ቆሟል። «እናንተ ቀድማችሁ እዩትና ንገሩኝ» አለች። ከዚያ «የለም፣ እኔው» አለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ጠርዙን በሙሉ መዳፏ ያዘችው፣ በጣቷ አይደለም፣ እና ገለበጠችው።

ዓይኗ እንደተጨፈነ ነው። እኛ እያየን ነው። ባሌ «አባባ» አለ። ስፌት መኪናው አለ፣ ጉንጫቸው መኪናው ላይ ነው፣ ጠመኔው ከጆሯቸው ጀርባ አለ፣ ዓይናቸው ደሞ

«ምንድነው የምትጭሪው አንቺ? ይሄንንም?»

ለመጽሔቱ እኮ ነው እቴቴ፣ ልጆቹ

«ተይ። እኔ ገና አላየሁትም። በቃሽ፣ አትጻፊ።»